ቦሩ ለምን ይሮጣል?

እኔ ልጅ ሳለሁ እሳት ከጎረቤት ተለምኖ፣ በገል ተይዞ፣ በሩጫ የሚመጣ ነገር ነበር። ያኔ ከአባቴ ሱቅ ጀርባ በእሾህ አጥር የተከበበች አንዲት ጎጆ ነበረች፤ የሚኖሩባት ዋሪዮ የሚባሉ የቦረና ሽማግሌ ነበሩ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ቀን ፍየሎቻቸውን ይዘው ከከተማው ወጣ ወዳለው ግጦሽ ወደ ቡቲዬ ወጥተው ማታ የሚገቡ። አባቴ ከደጋ ወርዶ ሞያሌ ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው ስለሆነ አያት በአጠገባችን አልነበረንም። እኔና እህቴ አስቴር ከልጅ ልጃቸው ከጋልጋሎ ሰምተን «አካኮ» እንላቸው ጀመር፤ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው።

ቀን ሰው የማይውልበት ቤት ስለሆነ ማታ ሲገቡ ምድጃው ጠፍቶ ይጠብቃቸዋል። ያኔ ከሦስታችን አንዱን በዓይናቸው ይመርጡና ገሉን ይሰጡታል። እሳት የማይጠፋባት ቤት የታወቀች ነበረች፤ የጭነት መኪኖች በሚያድሩበት ሜዳ ዳር ሻይ የምታፈላው የእማማ ሐሊማ ቤት። እማማ ሐሊማ ገሉ ላይ አመድ ታነጥፍና ከላዩ ፍም ታስቀምጥልናለች፤ ከዚያ መሮጥ ነው። ሲሮጡ ነፋሱ ፍሙን ያቀላዋል፤ ቆም ካሉ አመድ ይለብሳል። የናፍጣው ሽታ፣ የግመሉ ሽታ፣ ከየቤቱ የሚወጣው የኩበት ጭስ በአፍንጫዬ እየገባ፣ ያቺ ቀይ ነገር በእጄ ላይ እየተነፈሰች፣ መሬት የምረግጥ አይመስለኝም ነበር።

ፍሙ ምድጃ ገብቶ፣ ጭራሮው ተያይዞ፣ የሁላችንም ፊት ከጨለማው ሲወጣ አካኮ ተረታቸውን ይቀጥላሉ። ተረቱ አንድ ብቻ ነበር። ቦሩ የሚባል ሰው በጎልቦ ሜዳ ላይ ይሮጣል። በቃ። ሲሮጥ ግመል ያገኘዋል፣ የውሃ ጉድጓድ ያገኘዋል፣ አንበሳ ታገኘዋለች፤ ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። «ቦሩ፣ ለምን ትሮጣለህ?» እዚህ ላይ አካኮ እሳት ወዳመጣው ልጅ ይዞራሉ። መልሱን የሚሰጠው እሱ ነው፤ ሌላ ሰው አይነካውም፤ ደግሞም ትንፋሹ ሳይመለስ ነው።

«ካረፍክ ታስባለህ፤ ካሰብክ ትዋሸኛለህ» ይሉ ነበር።

አስቴር አንድ ማታ እያለከለከች «አማቱ መጥታበት ነው» አለች። የዚያን ማታ ቦሩ ከአማቱ ሲሸሽ አመሸ፤ አካኮም የሴትየዋን አረማመድ ሊያሳዩን ከነዱላቸው ተነሥተው ጎጆዋን ዞሩ። ጋልጋሎ ደግሞ በሌላ ቀን «ሽርጡን ፍየል ነጥቃው ነው» አለ።

«ቦሩ ራቁቱን ነው እንዴ?» አለች አስቴር።

«ለዚህ ነዋ የሚሮጠው።»

አባቴ አካኮን ይወዳቸው ነበር። አንድ የበዓል ቀን ከሱቁ አንድ እሽግ ክብሪት አወጣና በሁለት እጁ ሰጣቸው። እሳቸውም በሁለት እጃቸው ተቀብለው መረቁት። ያን ማታ አንዷን ጫር አደረጉ፤ ምድጃው ተያያዘ፤ እኛም ተቀምጠን አየን።

«ቦሩ ለምን ይሮጣል?» አሉ፣ ሦስታችንንም እያዩ።

የሚያለከልክ አልነበረም። ጋልጋሎ «ጠምቶት» አለ። እኔ «መሽቶበት» አልኩ። አስቴር አዛጋች። አካኮ እሳቱን ቆስቆስ አደረጉና «ቦሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ» አሉ።

«ደክሞት ነው?» አለች አስቴር።

«አይ፣ አልደከመውም።»

«ታሞ?»

«አልታመመም። ተቀመጠ፣ በቃ።»

በማግስቱም እንደተቀመጠ ነበር፤ ከዚያ በኋላም። አካኮ አልተቆጡንም፤ ክብሪቱንም የአባቴ አክብሮት ነውና አልተውትም። እኔ ግን አልጋዬ ላይ ሆኜ የሚታየኝ ያ ድንጋይ ነበር፣ ሰውዬው እጁን ጉልበቱ ላይ ጥሎ፣ ነፋስ ሽርጡን እያነሣበት፣ ጎልቦ ከዳር እስከ ዳር ጭር ብሎ። ያኔ ልጅ ነኝና፣ ካላስነሣነው እዚያው የሚሞት መሰለኝ።

አንድ ማታ ማንም ሳይልከኝ ወጣሁ። ባዶ እጄን እስከ እማማ ሐሊማ ቤት ሮጥኩ።

«ክብሪት አባትህ ሰጥቷቸው የለም እንዴ?» አለችኝ።

«እሳት አልፈልግም።»

«ታዲያ ምን ልትወስድ መጣህ?»

«ልመለስ ነው» አልኳት፤ ተመለስኩም። ሻይ የሚጠጡት ሾፌሮች ሲስቁብኝ ከኋላዬ ይሰማኛል።

ጎጆዋ ጨለማ ነበረች። አካኮ ክብሪቱን ይዘዋል፣ ገና አልጫሩም። ትንፋሼን ሰምተው ነው መሰለኝ «ማነው?» አላሉም።

«ቦሩ ለምን ይሮጣል?» አሉ።

«ሰው… እየጠበቀው ነው… ጨለማ ውስጥ።»

ከዚያ ክብሪቷ ተጫረች፤ ፊታቸው በራ። «ተነሣ» አሉ በቀስታ። «ቦሩ ተነሣ።»

«ማን ነው የሚጠብቀው?» አለ ጋልጋሎ።

«እሱን ነገ የሚሮጠው ይነግረናል።»

ከዚያ ወዲያ ፍም የሌለበት ሩጫ በየተራ ሮጥን፤ ተራ ተነጠቅን ብለንም ተጣላን። ዝናቡ ሲቃረብ አካኮ ከነፍየሎቻቸው በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው ራቅ ወዳለው የኡራን ግጦሽ ሄዱ፤ ጋልጋሎንም ይዘውት ሄዱ። አልተመለሱም። ቦሩም እንደሮጠ ቀረ። ካደግኩ በኋላ ሳስበው፣ ፍምን አመድ አልብሶ ማሳደር የሚያቅታቸው ሰው አልነበሩም። የዚያ ምድጃ መጥፋት እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህንንም እኔ ሳወራ የምትጽፈው ልጄ ማርታ ናት። ወሬም አላበዛም። እግሬ ግን ሩጫውን አልተወም ነበር። ሽበት ካወጣሁ በኋላ እንኳ ጠዋት ጠዋት ከቤቴ እስከ ቡቲዬ፣ ፍየሎቼ እስካሉበት ድረስ፣ በሶምሶማ እሄድ ነበር። ናይሮቢ ያለው ልጄ ይህን ሲሰማ አዘነልኝ። ሞተር ሳይክል ገዛልኝ፤ የሚነዳ ጎረምሳም ቀጠረልኝ። «አባባ፣ ከእንግዲህ እግርህን አቧራ አይንካው» አለኝ። መረቅኩት። ሞተሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በአባቴ ሱቅ ተቀመጥኩ፣ ደጅ ተቀመጥኩ። አልታመምኩም፤ አልደከመኝም። ቀኑ ግን ከአልጋዬ ሳልነሣ የሚያልፍ ይመስለኝ ጀመር። ሐኪሙ «ለጤናህ ሩጥ» ቢለኝ ጫማዬን አወጣሁና አይቼው መልሼ አልጋ ሥር ከተትኩት። ለጤና ብሎ እግሬ አልነሣ አለኝ።

በቅርቡ አንድ ማታ መብራት ጠፋ። የማርታ ልጅ ሊዲያ አጠገቤ መጣች። በትምህርት ቤቷ ቋንቋ ባቡ ትለኛለች፣ አያቷ ስለሆንኩ። ማርታ ኩራዝ እያበራች ሳለ ሊዲያ ተረት ጠየቀችኝ። የማውቀው አንድ ነው፤ እሱኑ ነገርኳት።

«አሁን ቦሩ የት ነው?» አለችኝ።

እየሮጠ ነው ልላት ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «ድንጋይ ላይ ተቀምጧል» የሚል ሆነ።

«አስነሣው እንጂ ባቡ።»

«የሚያስነሣው የሚያለከልክ ሰው ነው።»

«እኔ ልሩጥ?»

«መሽቷል።»

በኩራዙ ብርሃን ጉልበቴን አየችው፤ ከዚያ ፊቴን አየች። «እንግዲያው ጠዋት አንተ ሩጥ» አለችኝና ተኛች።

ሲነጋጋ ጫማዬን አደረግኩ። የሞተሩ ጎረምሳ በር ላይ አገኘኝ። «ምዜ፣ ሞተሩ ምን በደለህ?» አለኝ፤ ሽማግሌው ማለቱ ነው። አልፌው ወጣሁ። መጀመሪያ እግሬ የሌላ ሰው እግር ነበር። ወደ ቡቲዬ የሚያወጣው መንገድ ላይ ስደርስ ከየግቢው የኩበት ጭስ ወጣ፣ ነፋሱ ፊቴን ነካው፣ መዳፌ ሳላዘው ተዘርግቶ አየሁት፣ ገል እንደያዘ። እስከ ፍየሎቼ አልደረስኩም፤ ከመንገድ ተመለስኩ። ግን በሩጫ ተመለስኩ።

ሊዲያ የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳ በር ላይ ቆማለች።

«ቦሩ ለምን ይሮጣል?» አለችኝ፤ እንድተነፍስ እንኳ አልጠበቀችኝም።

«ቁርሱ… እንዳይቀዘቅዝበት» አልኩ።

ሳቀች። «ተነሣ ማለት ነው?»

«ተነሣ።»

ያኔ በዚያች ጎጆ ስንት መልስ እንደተሰጠ አላስታውስም፤ የአንዱ ቀን መልስ ለማግስቱ ሠርቶ እንደማያውቅ ግን አስታውሳለሁ። ከአካኮ የቀረኝ ይኸው ነው። ያን ማታ መብራቱ መጣ፣ ሊዲያም ተረቷን ጠግባ ተኛች። እኔም ጫማዬን ከአልጋ ሥር አውጥቼ በሩ አጠገብ አስቀመጥኩት፤ ነገ ቦሩ ሌላ ምክንያት ይፈልጋል።