ከክፍል እንዳይቀር

አባዬ የሞተ ቀን፣ ድንኳኑ ተተክሎ እንኳ ሳያልቅ፣ የዕድራችን ዳኛ ድምፅ ማጉያውን ይዘው መሃል ላይ ቆሙ። «ወገኖቼ፣ አንድ ነገር አደራ። እንግሊዝ አገር ያለው ልጅ አልሰማም። ፌስቡክ ላይም ሆነ ቴሌግራም ላይ ፎቶ የሚባል ነገር እንዳትለጥፉ። ነፍስ ይማር ብላችሁም እንዳትጽፉ። ልጁ ትምህርት ላይ ነው» አሉ። ለቀስተኛው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ስልኩን አውጥቶ የነበረ አንድ ጎልማሳ አፍሮ ወደ ኪሱ መለሰው። ሰፈሬን እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም። ዛሬ ያ ማስታወቂያ ትዝ ሲለኝ ግን ደሜ ይፈላል። የምናደደው በሳቸው አይደለም፤ በገዛ ወንድሜ ነው።

ወንድሜ የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ነው። ለዲግሪ ትምህርት በተማሪ ቪዛ ሲሄድ፣ እኛ ያለንበት የአቃቂ መንደር ሙሽራ እንደሚሸኝ አድርጎ ነው የሸኘው። በሄደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለ ብርዱም ስለ ምግቡም ብዙ አላወራንም። ያወራነው ስለ አቴንዳንስ ነበር። እያንዳንዱ ክፍል በር ላይ የተማሪ ካርዱን ማሽን ያስነካል፤ ካላስነካ እንደቀረ ይያዝበታል። ደጋግሞ ከቀረ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ለኢሚግሬሽን ያሳውቃል፣ ቪዛው ይሰረዛል፣ ከአገር ውጣ ይባላል። «የአገሬው ልጅ ቢቀር የሚቀርበት ትምህርቱ ብቻ ነው፤ እኛ ብንቀር ግን አገሩም ይቀርብናል» አለን። ከዚያ በኋላ እቤታችን ውስጥ አቴንዳንስ የሚለው ቃል እንደ ጸሎት ነበር የሚደጋገመው።

አባዬ ሕጉን ሲሰማ ደስ አለው። ዕድሜውን የጨረሰው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ውስጥ ነው። የፋብሪካው ጡሩምባ ሳይጮህ በር ላይ የሚደርስ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላም በዚያው ሰዓት እየተነሳ ጫማውን የሚያስር ሰው ነበር። «ጥሩ ነው፤ ልጄን በየቀኑ የሚቆጥረው ሰው አለ ማለት ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ በደወለ ቁጥር አባዬ እንዴት ነህ ከማለቱ በፊት «ዛሬ ክፍል ገባህ?» ይለዋል። «ገባሁ አባዬ» ይላል። «በል ጎበዝ» ይልና ስልኩን ለእማዬ ያቀብላታል። አባትና ልጅ ከዚያ የዘለለ ወሬ አልነበራቸውም፤ ግን አባዬ ያችን «ገባሁ» ሲሰማ ቀኑን ሙሉ ፊቱ ይፈካ ነበር።

በወንድሜ የመጨረሻ የትምህርት ዓመት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ አባዬን ደም ግፊት ጣለው። ሆስፒታል ሆኖ ግማሽ ፊቱ አልታዘዝ ብሎ፣ ምላሱ ተሳስሮ፣ በእጁ ወደ ስልኬ እያመለከተ አይሆንም የሚል ምልክት ያሳየኝ ነበር። ጆሮዬን አፉ ላይ አድርጌ ነው የሰማሁት። «ልጁ... ከክፍል... እንዳይቀር» አለኝ። ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልለየሁትም። ስለዚህ ለወንድሜ አለመንገራችን የእኛ ምክር ብቻ አልነበረም፤ የአባዬም ኑዛዜ ነበር። ዘመዶችና የዕድሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሲወስኑም ክርክር አልነበረም። ቢነገረው ይመጣል፤ ከመጣ ይቀራል፤ ከቀረ ቪዛው ይሰረዛል። ትምህርቱን ሲጨርስ መርዶው እንዲነገረው ተቆረጠ።

ሰው ሳይሰማ ማልቀስ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ የቀመሰው ያውቀዋል። እኛ ግን የሠራነው ከዚያ የባሰ ነው። እማዬ አስከሬኑ ሲወጣ ልትጮህ አፏን ስትከፍት እኔ ነኝ ያቀፍኳት። «እማዬ፣ ማታ ይደውላል። ድምፅሽ ከተዘጋ ያውቅብናል» አልኳት። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችና ዝም አለች። አልቃሽ ልትሆን የመጣች አክስታችን እንኳ «ጎረቤት ቢቀርጽስ» ተብላ ተከለከለች። ከአርባ ዓመት በላይ አብራው የኖረችውን ሰው እማዬ በትከሻዋ እየተንቀጠቀጠች ብቻ ሸኘችው።

ማታ እውነትም ደወለ። እማዬ ጓዳ ገብታ አነሳችው። ደጅ ድንኳኑ ውስጥ የሰው ድምፅ ይጎርፋል። «ምንድን ነው ጫጫታው?» አለ። እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። ስልኩን ተቀብዬ «የጎረቤት ልጅ ሰርግ ነው፤ ጥር አይደል» አልኩት። «እንኳን ደስ አላቸው በሉልኝ» አለ። «አባዬስ?» ሲል «ሰርጉ ላይ ነው» አልኩ። አልቅሼ ሳልጨርስ እንደዚያ ቀጥ ብዬ መዋሸት መቻሌ እኔንም አስደነገጠኝ።

ከዚያ ኑሯችን ቲያትር ሆነ። እሁድ እሁድ በቪዲዮ ሲደውል እማዬ ጥቁሯን አውልቃ አበባ ያለበትን ቀሚሷን ትለብሳለች፣ የተላጨ ፀጉሯን በሻሽ ትሸፍናለች፣ እኔ ከጀርባዋ የአባዬን ጥቁር የተደረገበት ፎቶ ከግድግዳው አወርዳለሁ። ስልኩ ሲዘጋ ሁሉንም መልሰን እንለብሳለን፣ እንሰቅላለን። አባዬ አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ነው፣ አንድ ቀን ተኝቷል፣ አንድ ቀን ጆሮው ስልክ አልሰማ ብሎታል። ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላቸው የስልጤ ተወላጅ ጎረቤታችን፣ ወንድሜ ለፋሲካ እንኳን አደረሳችሁ ሊል ደውሎላቸው ስለ አባዬ ቢጠይቃቸው «አሁን እዚህ ነበሩ፤ ስኳር ገዝተው ሄዱ» ብለውታል። ስልኩን እንደዘጉ ቤታችን መጡ። «በረመዳን፣ ጾሜን ይዤ፣ የሞተ ሰው ስኳር ገዛ አልኩ። ለልጁ ስል ነው፤ አላህ ይቅር ይበለኝ» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

እኔም የአባዬን ቦታ ወሰድኩ። በደወለ ቁጥር «ክፍል ገባህ?» እለዋለሁ። «ገባሁ እታለም» ይላል፤ ድምፁ አይንቀጠቀጥም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚባለው ለካ ለእኔ ኖሯል። አንድ ነገር ግን ልብ ብዬው ነበር። አባዬን አገናኙኝ ብሎ አጥብቆ ጠይቆን አያውቅም። ተኝቷል ስንለው «በቃ አትቀስቅሱት» ይላል። እኔና እማዬ ተያይተን እግዜር ይመስገን እንላለን፤ ልጁ አልጠረጠረም ብለን እንገላገላለን። ልጄ አባቱን እንዴት አይናፍቅም የሚል ሐሳብ እማዬን አንድ ሁለት ጊዜ ከንክኗት፣ «ትምህርቱ ከብዶት ነው» ብዬ አጽናንቻታለሁ።

ሰኔ ላይ የመጨረሻ ፈተናዬን ጨረስኩ አለን። እማዬ እልል ልትል አፏን ከፈተችና በዚያው ማልቀስ ጀመረች። መርዶው ሊነገር ነው። ከሰፈራችን ሄዳ እዚያው እሱ ያለበት ከተማ የምትኖር የሌላ ጎረቤታችን ልጅ አለች፤ ለእሷ ደወልንላት። የምታውቃቸውን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይዛ፣ በወጉ መሠረት ጎህ ሳይቀድ፣ ከእንቅልፉ ሳይነሳ እንድትደርስ ተነጋገርን። እኛም እዚህ ለባብሰን፣ ስልኩን መሃል አስቀምጠን ተቀመጥን። መርዶው ሲደርሰው ቤታችን ለቅሶው እንደ አዲስ ስለሚነሳ ጎረቤቶችም ተነግሯቸው ነበር።

ስልኩ የጮኸው እኛ ከጠበቅነው ሰዓት እጅግ ዘግይቶ ነው። ልጅቷ «ነግረነዋል፤ በጣም አልቅሷል፤ አብረነው ነን» አለች። እማዬ ይህን ስትሰማ ደረቷን መምታት ጀመረች፤ ሴቶቹ ከበቧት። እኔ ልጅቷን ላመሰግናት ወደ ደጅ ወጣሁ። «ለምን ዘገያችሁ? ፈርተን ነበር» አልኳት።

«ቤት አልነበረም» አለች። «በር ላይ ቆመን ጠበቅነው። ከሥራ ነው የመጣው። ማታ ማታ ዕቃ መጋዘን ነው የሚሠራው።»

«ፈተናውን ስለጨረሰ ይሆናል» አልኩ።

«አይደለም እህቴ። ትምህርቱን ካቆመ ቆይቷል። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ነው። እያለቀሰ ራሱ ነው የነገረን። ሌሊት እየሠራ ጠዋት ጠዋት ሲቀር፣ ሲቀር፣ ዩኒቨርሲቲው ስሙን ሰርዞ አመለከተበት። ቪዛው የለም። ያለ ወረቀት ነው የሚኖረው። እኔም እዚህ ሆኜ ዛሬ ነው የሰማሁት።»

ከቤት ውስጥ የእማዬ ለቅሶ ይሰማኛል። ለካ ወንድሜ አባዬን አገናኙኝ ብሎ ያላስቸገረን ስላታለልነው አልነበረም። ክፍል ገባህ ብሎ የሚጠይቀውን ሰው እየሸሸ ነበር። እኛ አባዬ ተኝቷል ስንል እሱ ደስ ይለው ነበር። እኛ የሞተውን ሰው ደበቅንለት፣ እሱ የሞተ ትምህርቱን ደበቀን፣ ሁለታችንም ስልኩን ስንዘጋ ተመስገን አልን። ስንጠብቀው የነበረው ዲግሪ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ።

ሐቁን ልናገር፤ በመቅረቱ አልተናደድኩም። ሳሪስ በምሠራበት ፋርማሲ ስንት እንቅልፍ ያጣ ሰው አያለሁ። የባዕድ አገር ኪራይ እየከፈለ፣ ሌሊት ዕቃ ተሸክሞ፣ ጠዋት ክፍል የሚቀመጥ ልጅ ቢደክመው አልፈርድበትም። ሰው ይወድቃል። ወድቄያለሁ ቢለን አባዬ አንድ ሳምንት ያኮርፋል፣ ከዚያ «ናና ሌላ እንሞክር» ይለው ነበር። ያንገበገበኝ «ገባሁ» ያለው ነው። አባዬ በዚያች ቃል ነው የኖረው። ሊሞት ሲል ትንፋሹን የጨረሰው ማንም ላልተቀመጠበት ወንበር ነው።

ወንድሜ በሦስተኛው ቀን እኔ ዘንድ ደወለ። ድምፁ ተዘግቷል።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ። «አባቴ ነው እኮ እታለም። እንዴት እንደ ባዳ ታደርጉኛላችሁ?»

«ከክፍል እንዳትቀር ብለን ነው» አልኩት።

«አባዬ ራሱ ነው እንዳይነገረው ያለው» ብዬ ቀጠልኩ። «ምላሱ ተሳስሮ ነው ያለው።»

አለቀሰ። ላጽናናው ነበር የሚገባኝ፤ አላጽናናሁትም። እንደምንም ሲረጋጋ «ብትነግሩኝም መምጣት አልችልም ነበር፤ ከወጣሁ አያስገቡኝም» አለ። «ግን ሁሌ ልነግራችሁ አስብ ነበር። አባዬ ክፍል ገባህ ሲለኝ ምን ልበለው? አልገባሁም ልበለው?»

«አዎ» አልኩት።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለእማዬ እንዳትነግሪያት» አለኝ። «ተመረቀ በያት። እዚያው ሥራ አገኘ በያት። በእሷ ላይ ሌላ ሐዘን አትጨምሪባት። አንቺ ታውቂበታለሽ።»

ታውቂበታለሽ። ለእሱ ብዬ የተማርኩትን ውሸት ሙያ አድርጎ ቆጠረልኝ። አባዬን በቀበርንበት ቀን ሰርግ ነው ያልኩት፣ እናቴን አፏን የያዝኩት፣ ያን ሁሉ ወር ፎቶ ስሰቅልና ሳወርድ የከረምኩት ለዚህ ኖሯል። «አልችልም» አልኩትና ዘጋሁበት። ደግሞ ደወለ፤ አላነሳሁም።

ማታ ለቀስተኛው ሲሄድ እማዬ ፍራሹ ላይ ብቻዋን ነበረች። ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ «አሁንማ አልቅሺ፤ ልጁም ሰምቷል» ሲሏት ውለው ነበር። እሷ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጩኸት በኋላ እንባዋ ደርቋል። «አልመጣ አለኝ እኮ» ስትላቸው ሰምቻታለሁ። «በጊዜው ካልወጣ የት ይገባል መሰላችሁ?» እያለች ደረቷን ታሻሽ ነበር።

አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ልታለቅስ ነው፣ ልትረግመው ነው፣ ወይ እኔን ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አንዱንም አላደረገችም።

«አባቱ የሞተ ቀንስ?» አለች በመጨረሻ። «ያን ቀንም ተማሪ አልነበረም?»

«አልነበረም እማዬ።»

ነጠላዋን አጠፈች፣ መልሳ ዘረጋች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ታዲያ እኔ ባሌን ሳላለቅስለት የቀበርኩት ለማን ብዬ ነው?»

ስልኬን አወጣሁ። የወንድሜን ቁጥር ደወልኩና፣ ሲያነሳው፣ ራሷ እንድትጠይቀው ለእማዬ ሰጠኋት።