የሐይቅ ስልክ ቤት ጆሮ

ፈዲላ ኑርዬ የተወለደችው ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ አርዲቦ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አባቷ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። በአካባቢው የታወቁት ግን በጨርቃቸው ሳይሆን በአደራ ጠባቂነታቸው ነበር። ከአምባሰል ደጋና ቆላ ለገበያ የሚመጣው ገበሬ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ጉዳዩን እስኪጨርስ ቋጠሮውን እሳቸው ዘንድ ያስቀምጥ ነበር። በውስጡ ምን እንዳለ አይጠይቁም። ቋጠሮው ቢላላ እንኳ ዓይናቸውን መለስ አድርገው ያጠብቁታል። ለልጃቸውም የሰው ነገር አማና ነው፣ አማና የበላ ሰው ነገ አላህ ፊት መልስ የለውም ይሏት ነበር።

ፈዲላ ደሴ ተምራ፣ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ላይ የሐይቅ ስልክ ቤት ሠራተኛ ሆነች። ስልክ ቤት መባሉ ለክብሩ ያህል እንጂ አንዲት ክፍል ነበረች። ከፊት የእንጨት ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው ኋላ ገመድና መሰኪያ የተደረደረበት ማገናኛ፣ ከጥግ ደግሞ ሰው ገብቶ የሚነጋገርበት የሳንቃ ሳጥን። ጥሪ ሲመጣ ከማገናኛው ላይ አንዲት ትንሽ መዝጊያ ቀጭ ብላ ትወድቃለች። ፈዲላ ገመዱን ትሰካለች፣ ሁለቱ ሰዎች መደማመጣቸውን ታረጋግጣለች፣ ከዚያ የማዳመጫውን ቁልፍ ዘግታ ስፌቷን ታነሣለች። ይህን ያዘዛት አለቃ አልነበረም። ያዘዛት የአባቷ ቤት ነው።

የቸገራት ሌላ ነገር ነበር። መስመሩ ደካማ ስለሆነ የሐይቅ ሰው ስልክ ሲይዝ ማዶ ተራራ ላይ ያለ ዘመዱን የሚጠራ ይመስል ነበር። የቤቱ ጉድ፣ የሚስቱ ኩርፊያ፣ የልጁ ሕመም ሁሉ ባንኮኒው ጋ ተሰልፎ ለሚጠብቅ ሰው ይሰማል። አንድ ሽማግሌ ዝግ ብለው እንዲናገሩ ብትለምናቸው፣ "ልጄ ያለው ደሴ፤ እዚህ ካንሾካሾክሁ ደሴ በምን ይሰማኛል?" ብለው ሳቁባት። ነገሩ አላስችል ቢላት አሮጌ ጆንያዎች ሰብስባ በጭድ ሞላችና ከሳጥኑ ግድግዳ ጋር በሚስማር መታቻቸው። ድምፁ ጥቂት ታፈነ። ገበያተኛው ግን "እቺ ልጅ በቅሎ ቤት ታስገባን ጀመር" እያለ አፌዘባት። እሷም አብራ ሳቀች። ጊዜው ገና የሳቅ ጊዜ ነበር።

ከዚያ ያ ክፉ ዘመን መጣ። በስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ቀበሌው መሣሪያ ታጠቀ፤ ወጣቶች ከየቤታቸው እየተወሰዱ መመለሳቸው ቀረ። በሐይቁ ዳርቻ በኩል ተኩስ በተሰማ ቁጥር እናቶች በራቸው ላይ ቆመው እርስ በርስ ይተያዩ ነበር እንጂ የሚናገር አልነበረም።

እትዬ ለተብርሃን የሚባሉ ጠላ ሻጭ መበለት አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ይመር ይባላል። ደሴ ተማሪ ቤት ሳለ ወረቀት በትኗል ተብሎ ይፈለግ ጀመርና ድንገት ጠፋ። ሞተም ተባለ፣ በረሃ ወረደም ተባለ። ክረምቱ አጋማሽ ላይ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ከውጫሌ ለእትዬ ለተብርሃን ጥሪ መጣ። ደዋዩ ሰይድ እባላለሁ ይላል። ፈዲላ መስመሩ መያያዙን ለማወቅ ጆሮዋን ሰጥታ ሳለ፣ "እማዬ" የሚል ድምፅ ሰማች። ያ ድምፅ በልጅነቱ ከሐይቁ ያጠመደውን ዓሣ እየዞረ ሲሸጥ ደጃቸው ላይ የሚጣራው ድምፅ ነው። ወዲያው ቁልፉን ዘጋች። ግን የተሰማ ነገር ተሰምቷል፤ ከጆሮ ተመልሶ አይወጣም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ይመር የት እንዳለ የምታውቅ አንዲት ሰው በሐይቅ ከተማ ነበረች። ለእትዬ ለተብርሃን እንኳ ልጁ ከየት እንደሚደውል አልነገራቸውም ነበር።

በየገበያው ቀን ጥሪው ይመጣል። እናትየዋ ነጠላቸውን አጥበው፣ ከሁሉ ሰው ቀድመው አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። ሳጥኑ ውስጥ ሲገቡ ግን ሁሉን ይረሱታል። "ኧረግ የኔ ዓለም! ሰውነትህ እንዴት ነው? ማርያም ትሸፍንህ፣ ልጄ!" ብለው ሲጮኹ የፈዲላ ጭድ ምን አቅም አለው? ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው አንገቱን ይደፋል። ፈዲላ አንድ ቀን በጆሯቸው፣ "እትዬ፣ ስለ ልጅዎ ብለው ቀስ ይበሉ" አለቻቸው። እሺ አሏት፤ እሺታቸው የልጃቸውን ድምፅ እስኪሰሙ ብቻ ነበር። በእናት አንጀት ማን ይፈርዳል?

ወሬው ከአያሌው ደረሰ። አያሌው የአብዮት ጥበቃው ኃላፊ ነው። ከፈዲላ ጋር በአንድ ክፍል ተምሯል፤ ስሌት ሲከብደው ከእሷ ይገለብጥ ነበር። አሁን ሽጉጡን ባንኮኒው ላይ አሳርፎ፣ ለተብርሃንን የሚያነጋግረው ማን እንደሆነ ጠየቃት። ሰይድ የሚባል ነው አለችው።

"እሱንማ አግዳሚው ሳይቀር ያውቀዋል። ከየት ነው የሚደውለው?"

"በደሴ በኩል ነው የሚመጣው፣ ጓድ አያሌው። ደሴ ከየት እንደተቀበለችው አልጠይቅም" ብላ ዋሸችው።

"አትጠይቂም" አለና ፈገግ አለ። "የኑርዬ ልጅ አትጠይቅም።"

ለሚመጣ ጥሪ የሚከፍለው ደዋዩ ስለሆነ በሐይቅ በኩል የሚጻፍ ነገር አልነበረም። ስለዚህ አያሌው የሚያገላብጠው ወረቀት አላገኘም፤ ቦታው ያለው በፈዲላ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። ይህን እሱም አወቀ፤ እሷም ማወቁን አወቀች። ሲወጣ ለሚመጣው ገበያ ራሱ ተቀምጦ እንደሚያዳምጥ ነገራት። እስከዚያም አንድ ጠብመንጃ የያዘ ዘብ ባንኮኒው አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ያ ሳምንት ለፈዲላ ረጅም ነበር። ለእናትየዋ ብትነግር ፊታቸው ላይ ይነበባል፤ ደንግጠው ሰፈሩን በእሪታ ይሞሉታል። ወደ ውጫሌ እንዳትደውል ዘቡ ከአፏ ዓይኑን አይነቅልም። ልሽሽ ብትል መሸሿ ራሱ ምስክር ይሆንባታል። ሰላት ላይ ቆማ የምትቀራው ይጠፋባትና እንደገና ትጀምራለች። ሰው ሲያንኳኳ ትደነግጣለች፤ ሰው ሳያንኳኳም ትደነግጣለች።

የገበያው ቀን ደረሰ። አደይ አበባ ከየጥሻው ፈክቶ፣ አዲስ ዓመት ገብቶ ነበር። እትዬ ለተብርሃን እንደ ልማዳቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አያሌው ደግሞ ከባንኮኒው ኋላ፣ ከፈዲላ ጎን፣ ሁለተኛ ማዳመጫ አስመጥቶ በጆሮው ላይ አጠለቀ። እትዬ ለተብርሃን ይህን አይተው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ቀትር አልፎ ጥቂት እንደቆየ የሰሜኑ መስመር መዝጊያ ወደቀች። በዚያ አንድ ሽቦ ላይ ውጫሌም፣ መርሳም፣ ወልዲያም ይደውላሉ፤ ማን እንደሆነ የሚታወቀው ሲናገር ነው።

የውጫሌው ስልክ ቤት ሠራተኛ ባዬ ይባላል። ፈዲላና ባዬ ለዓመታት በሽቦ ሲነጋገሩ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። ግን ወሎዬ አይደሉም? ያለ ሰላምታ ነገር አይጀመርም። እሷ እንዴት ዋላችሁ፣ ዝናቡ እንዴት ነው፣ ወገብህ ተሻለህ ትለዋለች። እሱ ክርስቲያን ሲሆን እሷን ለማክበር አልሐምዱሊላህ ይልና የእናቷን ጤና፣ የጎረቤቷን ለቅሶ፣ የሐይቁን ዓሣ ይጠይቃል። የደሴ አለቆች ይህ ሁሉ ሰላምታ መስመር ያጨናንቃል ብለው ቢቆጡም ሁለቱ ትተውት አያውቁም። ሥራው የሚመጣው ከሰላምታው በኋላ ነው።

ፈዲላ ገመዱን ሰካች። ሳምንቱን ሙሉ ስታስብ የከረመችው ዘዴ ሁሉ ከራሷ በረረ። ከአፏ የወጣው አንዲት ቃል ብቻ ነበር።

"ሐይቅ።"

ከማዶ ዝምታ ሆነ። ሰላምታዋን ሲጠብቅ ትንፋሹ ይሰማታል። አንድ ነገር ልበል ብላ አፏን ከፈተች፤ ፍርሃቱ ድምፅ ነሣት። አያሌው ወደ ማዳመጫው ጎንበስ አለ።

"የመስመር ፍተሻ ነው" አለ ባዬ በመጨረሻ። ድምፁ የማታውቀው ባዳ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። "ይሰማል?"

"ይሰማል።"

"ጨርሻለሁ።"

መስመሩ ተዘጋ። አያሌው ማን እንደሆነ ጠየቃት፤ መስመር ፈታሾች ናቸው አለችው። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይ የምትነጋገሩት ሲላት፣ "በመንግሥት መስመር ምን ጨዋታ አለ፣ ጓድ" አለችው። ከዚያ በኋላ የደወለው ነጋዴ ነው፣ የደወለው ሐኪም ቤት ነው፤ የእትዬ ለተብርሃን ጥሪ አልመጣም።

ስልክ ቤቱ ሊዘጋ ሲል እናትየዋ ከአግዳሚው ተነሥተው ባንኮኒው ጋ መጡ። አልጮኹም። በዚያ ቤት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲናገሩ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር።

"አንቺ ልጅ" አሏት፣ "አባትሽ የሰው ቋጠሮ አይፈቱም ነበር።"

ፈዲላ መልስ ነበራት። አያሌው ግን ማዳመጫውን እየጠቀለለ አጠገቧ ቆሟል። ዓይኗን ወደ ገመዶቹ መለሰች። እትዬ ለተብርሃን ይህን እንደ ጥፋተኛ ዝምታ ቆጠሩት፤ ወጥተው ሄዱ።

በማግሥቱ ቀበሌ ጠሯት። የምትገባበትን በር አየች፤ ከዚያ በር ገብተው ያልወጡ ልጆችን ስም በልቧ ታውቃለች። እኔ የማገናኝ እንጂ የማዳምጥ አይደለሁም ብላ ማለች። አያሌው አላመናትም፤ ግን ከእሷ ሌላ ማገናኛውን የሚችል ሰው በከተማው አልነበረም። ከዛሬ ጀምሮ ታዳምጫለሽ፣ ሥራ ስትጨርሽ በየቀኑ እዚህ መጥተሽ የሰማሽውን ትናገሪያለሽ፤ አንድ ነገር ደብቀሽ ከሌላ ከሰማሁ ቤትሽን አታዪውም አላት።

ስለዚህ ፈዲላ ስልክ ቤቱን ዘግታ በየቀኑ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ወደ ቀበሌ መግባት ጀመረች። ከተማው ለመፍረድ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። "የስልክ ቤቷ ጆሮ" አሏት። ስታልፍ ጨዋታ ይቆማል። ከጎረቤት ሴቶች ጋር ቡና መጠጣጣት ቀረ፤ ስትገባ አንዷ ልጄ አለቀሰ፣ ሌላዋ ወጤ አረረ እያሉ ይበተናሉ። አንድ ቀን ገበያ ላይ አንዲት ሴት፣ "ዝም በሉ፣ ሽቦው መጣ" አለች፤ ሁሉም ሳቁ። ፈዲላ ወደ ቤቷ ገብታ አለቀሰች።

ሆኖም የተረዳችው ነገር ነበር። ሰዎች ሳጥኑ ውስጥ ገብተው መጮኻቸውን ተዉ። እሷ ታዳምጣለች ብለው ስለፈሩ፣ ደህና ነን፣ እናንተ ደህና ናችሁ፣ ዝናብ ዘነበ ከማለት አያልፉም። ጭዱ ያላፈነውን ድምፅ ስሟ አፈነው። ቀበሌ ገብታ የምትናገረው ውሸት መፍጠር እንኳ አላስፈለጋትም፤ ጓድ፣ ዛሬ ሰው ሁሉ ደህና ነኝ ብሏል ትላለች። አያሌው በማዛጋት ያሰናብታታል። እሱ ያስመጣው ማዳመጫ ላይ አቧራ ተቀመጠበት። አንዳንዴ ለአንዱ ብቻ፣ እኔ እኮ እንዲህ አይደለሁም ማለት ያምራታል። ለአንዱ ከነገረች ግን ከተማው ይሰማል፤ ከተማው ካልፈራት እንደገና ይጮኻል። ስለዚህ ዝም አለች።

በጥቅምት ዘቡ ወደ ጦር ሜዳ ተወሰደ። የዚያን ዕለት ባዬ ደወለ። እንደ ድሮው ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ፣ ሳይጠየቅ፣ በአጭሩ ነገራት። ያን ቀን ሰላምታዋን ቢያጣ አጠገቧ ባለጌ ጆሮ እንዳለ ገብቶታል። ከፊቱ ለቆመው ልጅ፣ ሐይቅ ታማለችና እዚህ አትደር ብሎታል። ልጁም ወደ ግሸን ማርያም ከሚወጣው ምእመን ጋር ተቀላቅሎ ተራራውን ወጥቷል። ከዚያ ወዴት እንዳለፈ ባዬ ሊናገር ሲጀምር ፈዲላ፣ "ተወው፣ አትንገረኝ" አለችው። እኔ እኮ ያን ቀን አስቤበት አልነበረም፣ ፍርሃት ነው ምላሴን የያዘው ብላ እውነቱን ነገረችው። ባዬም ጥቂት ሳቀና፣ ፍርሃትም የአምላክ ነው አላት።

ይህን ወሬ ይዛ ለእትዬ ለተብርሃን ሳትነግር መኖሯ ከሁሉ ከበዳት። ጠላ ቤታቸው ደጃፍ እየደረሰች ትመለስ ነበር። ሴትየዋ ደስታን መደበቅ እንደማይችሉ ታውቃለች።

በኅዳር አንድ የገበያ ቀን፣ ጌሾ ተራ ውስጥ ድንገት ፊት ለፊት ተገናኙ። ጥሪው ከቀረ ወዲህ ጠጉራቸው ተንጨብርሮ፣ ሻሻቸው አድፎ የከረሙት ሴትዮ ዛሬ ጠጉራቸውን ተሠርተው፣ ቅቤ ተቀብተው፣ ቅቤው በጸሐይ ቀልጦ በጆሯቸው ግንድ ላይ ይወርድ ነበር። ልጁ የሞተባት ወይም የት እንደገባ ያላወቀች እናት ቅቤ አትቀባም። ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰው አፍ፣ ወሬው ደርሷቸዋል።

እትዬ ለተብርሃን ፈዲላን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ፤ ወደ መሬትም እንትፍ አሉ። ጌሾ ሻጮቹ ሁሉ አዩ። ፈዲላ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ አለፈች። የምትገዛውን ረስታ ስልክ ቤቷ ድረስ ባዶ እጇን ሄደች። የሰሜኑ መስመር መዝጊያ ወድቃ ትጠብቃት ነበር፤ ተቀምጣ ሰካች፣ ሁለቱ ሰዎች መደማመጣቸውን አረጋገጠች፣ ቁልፉንም ዘጋች።