የባዶ ድስት ጭስ

ያን ቀን ቤት ውስጥ የነበርነው እኔ፣ የስድስት ዓመት ልጄና የባለቤቴ እናት ነን። ከአጥር ወዲያ የምትኖረው ሙስሊም ጎረቤቴ በኋላ መጣች። ባለቤቴ በቅሏችንን ይዞ እህል ፍለጋ ወደ ከላላ ከሄደ አሥራ አንድ ቀን ሆኖት ነበር።

ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ሳምንት የቀራቸው ክረምት ነው። መካነ ሰላም ገበያ እህል ጠፍቷል። እኛ ቤት የቀረችው ጥቂት ሽምብራ ነበረች፤ እሷንም ለልጄ በቀን አንዴ እየቀቀልኩ እሰጣታለሁ። ከረሃቡ ይልቅ የሚያስፈራኝ ደረቷ ነበር። አስም እንደሚባል ያኔ አላውቅም። የማውቀው፣ በልታ የጠገበች ሰሞን ደረቷ ዝም እንደሚል፣ ሳትበላ ስትሰነብት ግን ትንሽ ብርድ ወይም ጭስ ሲነካት እንደሚያፏጭ ነው።

ይህን እያወቅሁ ነው ያጠፋሁት። እኛ ሰፈር ከጣሪያው ጭስ የማይወጣ ቤት እንደተራበ ይታወቃል። ሰው እንዲያውቅብኝ አልፈለግሁም። ሽምብራውን ጠዋት ከሰጠኋት በኋላ፣ በምሳ ሰዓት ድስት ሙሉ ውሃ ጥጄ ኩበት አነዳለሁ። ያን ቀን ኩበቱን ዝናብ ነክቶት ነበርና መንደዱን ትቶ ጨሰ።

ልጄ መደቡ ላይ ነበረች። መጀመሪያ ሳለች። ቀጥሎ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ተክላ አንገቷን አሰገገች። በጎድኖቿ መሃል ቆዳዋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ስጠራት ቃል ማውጣት አቃታት፤ በዓይኗ ብቻ አየችኝ።

“ቡዳ ነው!” አሉ አማቴ። “መድኃኒቱን ፍሙ ላይ ጨምሪና ታጠኚ በያት!”

ልጄን አቅፌ ያዘዙኝን አደረግሁ። ከንፈሯ ጠቆረ። ያኔ ጮኽሁ።

ጎረቤቴ ሻሿን እንኳ ሳታስር ገባች። “ያ አላህ! ልጅቷን አፍናችሁ ልትገድሏት ነው?” ብላ ከእጄ ነጥቃ ደጅ አወጣቻት። ተመልሳ ድስቱን ከፈተችና ውሃውን እሳቱ ላይ ደፋችው።

“ውሃ ብቻ ነው” አልኳት፤ አፈርኩ።

“አየሁት እኮ። እኔስ ምን የጣድኩ መሰለሽ፣ እህቴ? ያንቺ ጭስ ሲወጣ ‘እሷስ አገኘች’ እያልኩ ነው የኔን የማነደው!”

“ሁለት እብዶች!” አሉ አማቴ።

እሷ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ ደጅ ወጥቼ የልጄን ትንፋሽ እያዳመጥኩ ነበር። አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚከተል አይመስለኝም። ከሰዓት በኋላ ፉጨቱ ቀስ በቀስ ቀነሰ። ጎረቤቴ ለሴት ልጇ ደብቃ ያኖረችውን በሶ አምጥታ ግማሹን በጠበጠችላት። ልጄ ጠጥታ “ውሃ” አለች። ትንፋሽ ካጠራት ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ በከንቱ እሳት አላነደድኩም። ባለቤቴ በቅሎዋን ሸጦ፣ አንድ ስልቻ ገብስ ተሸክሞ በሳምንቱ ተመለሰ። በሶ አዘጋጅቼ ወደ አጥሩ ስሄድ የጎረቤቴ በር ተዘግቷል። እህል ይታደላል ሲባል ሰምታ፣ ልጇን አዝላ ወደ ኩታበር መሄዷን ሰው ነገረኝ። አልተመለሰችም።

ልጄ ዛሬም ደረቷ ያፏጫል፤ ግን አለች፣ ወልዳለች። ያን ክረምት ከመካነ ሰላም አንዲት ልጅ አዝላ ወደ ኩታበር የሄደችውን ሴት ያያችሁ፣ እሷ ወይም ልጇ በሕይወት መኖራቸውን የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።