የእማሆይ የቀድሞ ስም

ጋይንት ውስጥ፣ በአንድ ሆስፒታል የመድኃኒት መስኮት ላይ እሠራለሁ። ግልፍተኛ ነኝ፤ የሚያውቀኝ ያውቀዋል። ያን ሰሞን ደግሞ ብሶብኝ ነበር። ኦዲተሮች መጥተው፣ በጤና መድን ደብተሩና በሐኪሙ ማዘዣ ላይ ያለው ስም አይገጥምም እያሉ ብዙ ማዘዣ ጣሉብኝ፤ መድን ለእነዚህ አይከፍልም ተባለ። አለቃዬ በሠራተኛው ሁሉ ፊት አዋረደኝ። ከእንግዲህ አንዲት ፊደል ብትለይ አልሰጥም ብዬ ማልኩ።

በነጋታው የአገሬ ሰው እማሆይ መጡ። የሚጥል በሽታ አለባቸው፤ ኪኒናቸውን በየወሩ የምሰጣቸው እኔ ነኝ። ባላቸው ሲሞቱ መንኩሰው ስማቸው ተቀይሯል፤ ደብተሩ ላይ ያለው ግን የዓለም ስማቸው ነው። ስለማውቃቸው እስከዚያ ቀን ዝም ብዬ እሰጥ ነበር። ቆብ በጫኑ ዕለትማ ድግሱ ላይ አሳላፊ ነበርኩ።

ማዘዣውን መልሼ፣ ሐኪሙ ዘንድ ሄደው በደብተሩ ስም እንዲያስጽፉ ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ ያችኛዋ እኮ ሞታለች፤ ፍትሐቷም ተደርጓል» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አሁን እንዴት ብዬ በእሷ ስም እጠራለሁ?»

የሚሉት ጠፍቶኝ አይደለም። ሲመነኩሱ እንደ ሞተ ሰው ሲፈታላቸው ቆሜ ሰምቻለሁ። ሁለቱም ስም የአንድ ሰው ነው ብዬ ማስታወሻ ብጽፍና አለቃዬ ቢፈርምበት መድን ይቀበለው ነበር፤ መመሪያው ይፈቅዳል። እኔ ግን የአለቃዬን ፊት ማየት አስጠላኝ። እንግዲያው ወረዳ ሄደው ደብተሩን ያስቀይሩ አልኩና የሚቀጥለውን ሰው ጠራሁ። እማሆይ ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ እግዜር ይስጥህ ብለውኝ ሄዱ።

ወረዳ ሲመላለሱ ከረሙ አሉ። አንድ ቀን የቀበሌ ደብዳቤ ጎደለ ይባላሉ፣ ሌላ ቀን ፈራሚው ስብሰባ ነው ይባላሉ። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው፤ ለመጠየቅማ መቼ አስቤ!

ከሳምንታት በኋላ፣ በገበያ ቀን፣ ማዘዣ ተከምሮብኝ ቀና ሳልል ስም እጠራለሁ። አንዷን ማዘዣ ከደብተሩ ጋር አስተያየሁ፤ ልክ ነው። የሴትዮዋን ስም ከነአባቷ ጮክ ብዬ ጠራሁ። መልስ የለም። ደገምኩት። ይህቺ ሴትዮ የት ሄደች ብዬ ተቆጣሁ።

«አቤት» አሉ እማሆይ።

ቀና ስል ቀኝ እጃቸው እስከ ክርናቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። ኪኒኑ ካለቀ በኋላ ምድጃ አጠገብ በሽታው ጥሏቸው እሳት ላይ ወድቀዋል። ወረዳው አልሆን ቢላቸው፣ ማዘዣውን በዓለም ስማቸው አስጽፈው ነው የመጡት። የዚያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅር ይበሉኝ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ሰልፉን አየሁና ዘጋሁት። እስከ ዛሬ አላልኳቸውም።

ኪኒኑን በግራ እጃቸው ተቀበሉኝ።

«አስቸገርኩህ ልጄ» አሉ። «አሁንስ ገጠመልህ?»

ገጥሟል አልኳቸው።

ያን ወር አንድም ማዘዣ አልተጣለብኝም። አለቃዬ በስብሰባ ላይ አስነሥቶ አመሰገነኝ፤ እኔም እስኪያጨበጭቡልኝ ድረስ ቆምኩ።