በርሜል የገባ አይወጣም

የአንድ ሰው ዕድሜ ተሰብስቦ ሲያልቅ ምን ያህል ቦታ ይሞላል? የመርቭ ትሬጌና ሰባ ስምንት ዓመት የሞላው አራት ካርቶን ነው። ለቀብሩ ከሲድኒ የመጣው የእህቱ ልጅ አራቱንም በአንድ ጠዋት ጭኖ ወደ ቆሻሻ ማራገፊያው ወሰዳቸው። የእጅ ባትሪዎቹን ብረታ ብረት ክምር ላይ ጣለ፤ የባትሪ ድንጋዮቹን ያገለገለ ድንጋይ የሚጣልበት ቢጫ በርሜል ውስጥ ዘረገፈ። ሰውየው ክፉ አይደለም። በሩ ላይ የተለጠፈውን ደንብ አንብቦ እንደተባለው አደረገ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። በእኛ ዘመን ትልቁ ጥፋት የሚሠራው ደንብ በሚያከብር ሰው እጅ ነው፤ እጁም ንጹሕ ሆኖ ይቀራል።

መርቭ ሠላሳ አንድ ዓመት በፒርስ ክሪክ መዳብ ማዕድን የመብራት ክፍል ሠራ። ወደ ጉድጓድ የሚወርድ ሁሉ የራስ ቁሩ ላይ የሚሰካውን መብራት ከእሱ እጅ ይቀበላል፤ የናስ ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ሰቅሎ ይወርዳል፤ ሲወጣ መብራቱን መልሶ ቁጥሩን ያነሳል። ሰሌዳው ላይ አንድ ቁጥር ተንጠልጥሎ ከቀረ መርቭ ቤቱ አይሄድም። «በእኔ መብራት የጨለመበት ሰው የለም» ይል ነበር። ጉራ አልነበረም። እኔ ቀያሽ ሆኜ አሥር ዓመት በእሱ መብራት ወርጃለሁ፤ አንድም ቀን አልጨለመብኝም።

ማዕድኑ ሲዘጋ አንዳንዱ ዓሣ ማጥመድ ያዘ፤ አንዳንዱ መጠጥ ያዘ። መርቭ ባትሪ ያዘ። ጋራዡ ውስጥ ባለች አሮጌ ቶርኖ የአሉሚኒየም ቱቦ ይቀርጻል፣ መስታወት ይገጥማል፣ ሽቦ ይበይዳል። የሠራውን የሚፈትነው ከጓሮው ሆኖ ማዶ ወዳለው የማዕድኑ ማማ በማብራት ነው። የማማው ጫፍ ላይ ያለውን ዝገት ካላሳየ እሱ ዘንድ ባትሪ አይባልም። በጎ የወጣውን ለላይኛው መንገድ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ይሰጣል፤ አሥራ አንድ ቤት ነው። የምዕራቡ ነፋስ ዛፍ ገንድሶ ሽቦውን ሲበጥሰው ያ መንገድ ሁለት ሦስት ቀን መብራት አያይም።

ቱቦውን መሥራት አይቸግረውም። የሚቸግረው ድንጋዩ ነው፤ አውራ ጣት የምታክል፣ ቻርጅ የምትደረግ አንዲት ድንጋይ። ሜልቦርን ያሉት ነጋዴዎች በደህና ዋጋ ይሸጧታል፤ ከዋጋው ሥር ግን በትንሹ «ወደ ታዝማኒያ አንልክም» ብለው ይጽፋሉ። ደሴት ብንሆንም ያው አገር ውስጥ አይደለንም እንዴ? ግብር ሲሆን እንዴት ባሕሩን ይሻገሩታል!

አንድ ቀን ፖስታ ቤት አብሬው ቆሜ ነበር። ግሌኒስ ከመስኮቱ ጀርባ እንደ ልማዷ ሹራብ እየሠራች ነው።

«መርቭ፣ የኔ ጌታ፣ ብቻውን የሆነ ድንጋይ በአውሮፕላን አይጫንም አልኩህ እኮ።»

«በመርከብ ይምጣ።»

«ላኪው ለመርከብ አልፈርምም ካለ እኔ ምን ላድርግ? ልዋኝልህ?»

«ስልኩ፣ ላፕቶፑ፣ የልጅ መጫወቻው በየቀኑ በዚህ መስኮት ይገባል። ሆዳቸው ውስጥ ምን ያለ ይመስልሻል? ማር?»

«እሱማ ዕቃ ውስጥ ነው። ያንተ ብቻውን ነው።»

«ብቻውን የሆነ ሁሉ አደገኛ ነው በይኛ! እኔንም በርሜል ውስጥ ክተቱኝ።»

ግሌኒስ ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም። ሁለት ሰዓት የሚያስነዳው ከተማ ውስጥ አንዱ ሱቅ ድንጋዩን ይሸጣል፤ በሃያ ስምንት ዶላር። ለአንድ ባትሪ ሁለት ያስፈልጋል፣ አሥራ አንድ ቤት አለ፣ መርቭ ደግሞ ጡረተኛ ነው። ቁጥሩን አንባቢ ያስበው።

በሐምሌ፣ ክረምቱ በበረታበት ሰሞን፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ አንድ ሰውዬ ጠረጴዛ ዘርግቶ ስምንት ድንጋይ በሃያ ዶላር ሲሸጥ መርቭ አገኘው። የድንጋዩ ልባስ ላይ በትልቁ «9900» የሚል የጉልበት ቁጥር ተጽፏል። እንዲህ ያለ ጉልበት ያለው ድንጋይ በዚያ መጠን እስከዛሬ አልተሠራም፤ መርቭ ይህን ያውቃል። ቢሆንም ገዛ። ቤቱ ገብቶ በወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀመጠው። ደህናው አርባ አምስት ግራም ይመዝናል። ይኼ ሠላሳ አንድ።

ሬዲዮው ግን ለእሑድ ማዕበል እየመጣ ነው ይላል፤ የኖሊን ሃርስት ባትሪ ደግሞ ድንጋዩ ሞቶበታል። ኖሊን ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ ላይኛው መንገድ ላይ ብቻዋን ትኖራለች፤ የማገዶ ቤቷ ከጓሮ ደረጃ በታች ነው። መርቭ ሁለቱን ከተተላት። «ከምንም ይሻላል» ብሎ።

እሑድ አመሻሹ ላይ መብራት ጠፋ። ኖሊን እንጨት ልታመጣ ወጣች። ባትሪው አሥራ ሁለት ደቂቃ አብርቶ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ድርግም አለባት። ዳሌዋ ተሰበረ። ጎረቤት እስኪሰማት አንድ ሰዓት ሙሉ ዝናብ ላይ ተኛች። ሆስፒታል ስንጠይቃት የመጀመሪያ ቃሏ «መርቭን እንዳትቆጡት» ነበር። ከዚያ አልጋ ወደ አረጋውያን ማቆያ ሄደች እንጂ ቤቷን ዳግመኛ አላየችም።

መርቭ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። «መዝኜው ነበር እኮ!» አለኝ። «መዝኜው ነበር! ሠላሳ አንድ ግራም! እያየሁት!» የገበያውን ሰውዬ ስም አላነሳም። እኔ ግን እሱንም፣ የሜልቦርኖቹንም፣ ከዋጋው ሥር የተጻፈውንም ስረግም ሰነበትሁ። እውነተኛውን ዕቃ ለድሃ በሕግ ከከለከልህ ሐሰተኛውን በእጅህ ሰጠኸው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ነው መርቭ ወደ ቢጫው በርሜል ዓይኑን ያዞረው። ሰው ገመድ አልባ የኤሌክትሪክ መጥረጊያውንና መሰርሰሪያውን ሲጥል፣ ድንጋዮቹ በውስጡ ስድስትም ሰባትም ሆነው ታስረው ነው። አንዷ ሞታ ሁሉንም ታስጥላለች። የቀሩት ጤነኞች ናቸው። መርቭ የድንጋይ ጉልበት መለኪያ ቴስተሩን ኪሱ ከትቶ ወደ ማራገፊያው ሄደ። ዘበኛው ክሬግ የሥጋ ፓይ እየበላ ነበር።

«ከዚህ ግማሹ ጤነኛ ነው፣ ክሬግ።»

«ይሆናል። በርሜል የገባ ግን አይወጣም።»

«ማን አለ?»

«ወረቀቱ።»

«ወረቀቱን የጻፈውስ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ወዳጄ! አብሮኝ ቢራ የሚጠጣ ሰው አይደለም።»

መርቭ ከበሩ ውጭ ቆሞ ሰዎችን መለመን ጀመረ፤ ወደ በርሜሉ ሳይገባ ለእኔ ስጡኝ እያለ። ብዙዎቹ ሰጡት። በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ ደረሰው፤ ስድስት ወር ወደ ማራገፊያው እንዳይደርስ የሚል። በሰባ ሰባት ዓመቱ ከቆሻሻ ተባረረ!

ለከተማው ምክር ቤት አቤት አለ። አምስት አባላት ነን፤ አንዱ እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ዳንፎርዝ «እርስዎ» እያለች በትሕትና አነጋገረችው፤ ትሕትናዋ እንደ ተቆለፈ በር ነበር። «አቶ ትሬጌና፣ አንዱ ቢቃጠልብዎት ኢንሹራንሱ አይሸፍነንም።»

«በርሜሉ ውስጥ ተጨፍልቀው አይቃጠሉም?»

«እሱ ሌላ አንቀጽ ነው።»

መርቭ የመስታወት ማሰሮ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አራት ድንጋዮች አሉበት፣ ከአንድ የተጣለ መሰርሰሪያ የወጡ። «ሦስት ወር ሠርተዋል» አለ። ከዚያ ቆሞ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ጠየቀ፦

«በርሜሉ አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ስጡኝ። ቅዳሜ ግማሽ ሰዓት። ጤነኛውን ከሞተው ልለይ፣ ሌላ ምንም አልነካም። የፈለጋችሁትን ወረቀት እፈርማለሁ፤ ብቃጠል ልቃጠል። ለእነዚያ ለቀሩት አሥር ቤቶች ክረምት ሳይመጣ ይድረስላቸው።»

ከአምስታችን አንዷ ቤቭ ሎኬት ሐሳቡን አቀረበች። ሊቀመንበሩ «ደጋፊ አለ?» አለ። ሁለተኛ ሰው ካልደገፈው ሐሳቡ ለድምፅ ሳይቀርብ ይወድቃል። ወይዘሮ ዳንፎርዝ የኢንሹራንሱን ደብዳቤ ወደ መሐል ገፋ አደረገችው። እኔ እጄን አየኋት። ጠረጴዛው ላይ ነበረች፤ ከማሰሮው አንድ ስንዝር ርቃ።

«ደጋፊ አለ?» አለ ሊቀመንበሩ ሁለተኛ።

መርቭ አንድ በአንድ አየን፤ ሰሌዳው ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ቁጥር እንደሚፈልግ። ከዚያ ማሰሮውን አንስቶ ወጣ።