ለወንድሜ የፈጠርኩት ኑሮ

ሶዌቶ ውስጥ ከሱቄ ፍርግርግ ጀርባ ቆሜ ዳቦና ኤርታይም፣ የሞባይል ካርድ፣ ስሸጥ አንዱ ጆሮዬ ላይ ሁልጊዜ ማዳመጫ አለ። ደንበኞቼ መዝሙር ወይም ኳስ የምሰማ ይመስላቸዋል። አንዲት ጎጎ፣ እዚህ አሮጊቶችን የሚጠሩት እንደዚያ ነው፣ አንድ ቀን ምን እንደምሰማ ጠየቁኝና የስሎቫኪያ ዜና ነው አልኳቸው። አገሩን አላወቁትም። አውሮፓ መሃል ያለች ትንሽ አገር ናት፣ ወንድሜ እዚያ ነው አልኳቸው። እግዚአብሔር ይጠብቅልህ ብለው ዳቦአቸውን ይዘው ሄዱ። አልዋሸኋቸውም፤ ወንድሜ እዚያ ነው። ከሞተ ግን ሠላሳ አምስት ዓመት አልፎታል።

ስሎቫኮች ስለ አገራቸው ፖለቲካ፣ ባህልና ታሪክ ውጭ ላለ ሰው በእንግሊዝኛ የሚያዘጋጁት ፕሮግራም አለ። በኢንተርኔት ይገኛል። አያቶቻቸው ከዚያ ተሰደው አሜሪካና ካናዳ የቀሩ ሰዎች የሚያዳምጡት ይመስለኛል። የሆሳዕና ልጅ የሆነ ባለሱቅ ከጆሃንስበርግ ይከታተለናል ብለው አዘጋጆቹ በሕልማቸውም አያስቡም። እኔ ግን አንድም አያመልጠኝም ነበር። በረዶው መቼ እንደጣለ፣ ፓርላማቸው በምን እንደተጣላ፣ እረኞቻቸው በጎቹን መቼ ከተራራ እንደሚያወርዱ አውቃለሁ። ጀፕ፣ የጆሃንስበርጉ የሐበሻ ሰፈር፣ የሚውሉ ወዳጆቼ "አምባሳደሩ" ይሉኛል፤ ወንድምህ ለምን አይወስድህም እያሉ ይቀልዱብኛል። የማዳምጠው ለእናቴ ስል እንደሆነ ለአንዳቸውም ተናግሬ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ በደርግ ጊዜ ስኮላርሺፕ አግኝቶ ቼኮስሎቫኪያ ሄደ። ከእኔ በአራት ዓመት ይበልጣል፤ ጎበዝ ነበር፤ ቤታችን ከእሱ ሌላ ተስፋ አልነበረውም። በሦስተኛው ዓመቱ በበረዶው ወራት፣ ከተራራ ሲመለሱ የተሳፈሩበት አውቶቡስ ገደል ገባ። አብረውት የሚማሩ ኢትዮጵያውያን ብራቲስላቫ፣ የዛሬዋ ስሎቫኪያ ዋና ከተማ፣ ቀበሩትና ደብዳቤ ላኩ። ከፖስታ ቤት ደብዳቤ የማወጣው እኔ ስለነበርኩ እጄ ገባ። አባታችን ከተቀበረ ገና አሥራ አንድ ቀኑ ነበር።

ደብዳቤውን ለአጎቴ፣ ለእናቴ ታናሽ ወንድም አሳየሁት። አነበበው፤ ቁጭ አለ፤ ደግሞ አነበበው። ከዚያ አጥፎ ኪሱ ከተተውና እንዲህ አለኝ፦

"አንድ ቤት ሁለት ለቅሶ አይችልም። የአባትህ ሙት ዓመት ይውጣ። ያኔ በወጉ እናረዳታለን።"

በወጉ ማለት ምን እንደሆነ ለእኛ ሰው አይነገርም። በማለዳ፣ ሰውየው እህል ሳይቀምስ፣ ሽማግሌዎችና ዘመዶች ተሰብስበው ደጁን ያንኳኳሉ። ሥራ ላይ ያለን ሰው፣ መንገደኛን፣ አራስን፣ ገና ሐዘን ያልወጣላትን አያረዱም። ደግ ወግ ነው። እኛን ግን የገደለን ይሄው ወግ ነው። ሙት ዓመቱ ሲደርስ እናቴ ታመመች፤ ትዳን ተባለ። ስትድን አገሩ ታመሰ፤ መንግሥት ተለወጠ። በዚያው ግርግር አጎቴ ራሱ በወባ ሞተ። ምስጢሩን የሚያውቅ እኔ ብቻ ቀረሁ፣ ዕድሜዬ ሃያ ሁለት።

በዚያ መሃል እናቴ የወንድሜ ደብዳቤ ለምን ጠፋ ማለት ጀምራ ነበር። ማንበብ አትችልም። የደብተር ወረቀት አጥፌ ፊቷ ተቀመጥኩና ባዶውን ወረቀት አነበብኩላት። ደህና ነኝ ይላል፣ በረዶው ከብዷል ይላል፣ ስለ አባታችን ሰምቼ አለቀስኩ ይላል። ወረቀቱን ተቀብላ ሳመችው። ባዶ መሆኑን አላወቀችም። ታናሽ እህቴ ፊደል ስትቆጥር ግን የእውነት መጻፍ ጀመርኩ፤ የእሱን እጅ ጽሑፍ እየቀዳሁ፣ በድሮ ፖስታዎቹ እየከተትኩ።

የቀበሩት ጓደኞቹም ሌላ ደብዳቤ ልከው ነበር። መቃብሩን በቤተሰብ ስም ለማስመዝገብ የሚፈርም ዘመድ ስምና አድራሻ ላክልን አሉ። አልመለስኩላቸውም። መልሱ ዞሮ እናቴ እጅ ቢገባስ ብዬ ፈራሁ። ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት።

አገሪቱ ለሁለት ስትከፈል ለእናቴ መንገር ነበረብኝ፤ ጎረቤት ከራዲዮ ሰምቶ ነግሯታል። አንድ ጥይት ሳይተኮስ፣ ሁለት ወንድማማቾች መሬት እንደሚካፈሉ ተካፈሉ አልኳት። ትንሽ አሰበችና ልጄ በየትኛው ድርሻ ደረሰ አለችኝ። በስሎቫኮቹ አልኳት። ደጎች ናቸው? ደጎች ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጸሎቷ ሁሉ ስሎቫኪያን ታነሳ ነበር። ሆሳዕና ውስጥ ለዚያች አገር በየቀኑ የሚጸልይ ሰው ከእሷ ሌላ የነበረ አይመስለኝም።

ወደዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ በደብዳቤው ፈንታ ስልክ ተተካ። በየሳምንቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እደውልላትና ከፕሮግራሙ የሰማሁትን የወንድሜ ወሬ አድርጌ እነግራታለሁ። ድንች ሊጥ ላይ የበግ አይብ አድርገው ይበላሉ ስላት ደስ አላት፤ አይብ ካለማ ቆጮው ብቻ ነው የቀረበት አለች። ለገና የሚበሉትን ዓሣ ከነነፍሱ ገዝተው መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ያኖሩታል ስላት እስክታነባ ሳቀች። ታዲያ ልጄ የት ነው የሚታጠበው ብላ ጠየቀችኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያን ጊዜ እሱ ጢሙ ሸብቶ፣ ፎጣ አንግቶ፣ ዓሣው እስኪወጣ የሚጠብቅ መሰለኝ። ይህን ሳወራ ነው ራሴን የምጠላው። ውሸቱ ይጣፍጠኝ ነበር።

ለምን እሱ ራሱ አይደውልልኝም ማለቷ አልቀረም። ቋንቋው ጠፍቶበታል አልኳት። ሃዲይኛውም አማርኛውም፤ እኔም በእንግሊዝኛ ነው የማናግረው፤ አንቺን በአስተርጓሚ ማናገር ያሳፍረዋል አልኳት።

"አይናገር" አለችኝ። "ስልኩን ይያዝና ይሳል ብቻ። ሳሉን አውቀዋለሁ።"

እነግረዋለሁ አልኳት።

እዚህ ጋ ሌላም የማይነገር ነገር አለ። ጆሃንስበርግ ውስጥ የአገር ልጅ ሲሞት፣ በሽታም ይግደለው ሱቁ ውስጥ ሽጉጥ፣ ሬሳውን ወደ አገር የምንልክ ኮሚቴ አለን። እኔ ከዚያ ኮሚቴ ውስጥ ነኝ። ሥራዬ ደግሞ መርዶ ነው። የሟቹ ቀበሌ ያሉ ሽማግሌዎች ጋ ደውዬ፣ እናትየዋ ብቻዋን ናት ወይ፣ ልብ ድካም አለባት ወይ፣ ማን አብሯት ይደር ብዬ አስተካክላለሁ። በዚህ ስም አትርፌያለሁ። የስንቱን እናት በወጉ አስረድቻለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኛ ቤት ግን ባደረ ቁጥር ጨለመ።

ያ ጠቅላይ ሚኒስትራቸው በጥይት የተመታ ጊዜ እናቴ ወሬውን ከራዲዮ ሰምታ ቀድማኝ ደወለች። አትደውልም ነበር፤ የጎረቤት ስልክ ለምና ነው። ልጄ እዚያ አጠገብ ነበር ወይ አለችኝ። እሱ ሩቅ ነው፣ የተመታው ሌላ ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው አልኳት። አላመነችኝም። በሰማንያ ዓመቷ ሦስት ቀን ጾማ ጸለየችለት። ሰውየው መትረፉን ስነግራት ተመስገን አለች፤ ለእሱም ለልጇም። ሱቁን ዘግቼ ከሩዝ ጆንያዎቹ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ሊገባ ሲል ፕሮግራሙ ስለ መቃብር አወራ። በዚያ ሰሞን ስሎቫኮች ዘራቸው በሙሉ ተሰብስቦ መቃብር ያጸዳል፣ ሻማ ያበራል። ይህን በየዓመቱ እሰማዋለሁ። የዚያን ቀን ግን አንድ ነገር ጨመሩ። የመቃብር ቦታ የሚያዘው በቤተሰብ ስም ለተወሰነ ዓመት ነው፤ የሚያሳድስ ዘመድ ካልመጣ ድንጋዩ ላይ ወረቀት ይለጠፋል፤ ያም ሆኖ ማንም ካልቀረበ ድንጋዩ ይነሳና ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ጎጎዋ ፊቴ ቆመው ስኳር እያሉኝ ነበር። ጨው ሰጠኋቸው።

ለፕሮግራሙ ጻፍኩ። የወንድሜን ሙሉ ስም፣ የሞተበትን ዘመን፣ የማውቀውን ሁሉ። በሁለተኛው ሳምንት ከአቅራቢዎቹ አንዷ መለሰችልኝ። ድምፅዋን ለዓመታት ስለማውቀው ጽሑፉንም በድምፅዋ ነው ያነበብኩት። የመቃብር ስፍራው ድረስ ሄዳ መዝገብ አስገልብጣ ነበር። ስሙን አግኝታዋለች። ከጎኑ የዘመድ ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ቦታው ለሌላ ቤተሰብ ከተሰጠ ብዙ ዓመቱ ነው። በጣም አዝናለሁ ብላለች። የመቃብር ስፍራው መሃል አንድ ትልቅ መስቀል አለ፤ ሟቻቸው ሩቅ የሆነባቸው ወይም መቃብሩ የጠፋባቸው ሰዎች ከሥሩ ሻማ ያበራሉ። እሷም ለወንድሜ አንድ አብርታ ፎቶ ላከችልኝ። በቀይ ብርጭቆ ውስጥ የሚነዱ በመቶ የሚቆጠሩ ሻማዎች ናቸው። የእሱ የትኛው እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም ለመጠየቅ አፈርኩ።

ያን ሳምንት እናቴን በወጉ ላስረዳ ቆረጥኩ። ለሆሳዕና ሽማግሌዎች ደወልኩ፤ በመርዶ ሥራ የምንተዋወቅ ስለሆነ ማን ሞተ አሉኝ። ወንድሜ አልኩ። ደነገጡ፤ አጽናኑኝ። መቼ አረፈ አሉኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ልል ነው? ኔትወርኩ ተበላሸ ብዬ ዘጋሁት። ኋላ መልሰው ሲደውሉ ተሳስቼ ነው፣ ሌላ ሰው ነው አልኳቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ባለፈው ዓመት አንድ ማለዳ፣ የዳቦ መኪናው ሳይመጣ፣ የሱቄ በር ተንኳኳ። በፍርግርጉ ሳይ የኮሚቴው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ከጀፕ ድረስ በዚያ ሰዓት መጥተው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል። የቆሙበት ቅደም ተከተል ሳይቀር እኔ ያስተማርኳቸው ነው። እንዲናገሩ አልጠበቅሁም። ቁልፉን መክፈት አቅቶኝ ከውስጥ ተንበረከክሁ። እናቴ በእንቅልፏ አልፋለች።

ካለቀስን በኋላ ትልቁ ሰውዬ ጎኔ ተቀምጦ፣ ወንድምህን ማን ያርዳው አለኝ። ሰው አገር ብቻውን ነው፣ በስልክ መስማት የለበትም፣ እዚያ የምናውቀው አማኝ ካለ በማለዳ ይሂድለት አለ። የምሠራውን ሥራ መልሶ ለእኔ እየሠራልኝ ነበር። እኔ እነግረዋለሁ አልኩት።

አገር ቤት መሄድ አልችልም፤ የጥገኝነት ወረቀት ይዞ የሄደ ሰው መመለሻ የለውም። ይህን ሁሉም ያውቃል። የሕይወት ታሪኳን ግን አንተ ጻፍ አሉኝ፤ ቀብሩ ላይ ይነበባል። ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። የልጆቿ ተራ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ከእሷ ሌላ የምፈራው ሰው አልነበረም፤ እሷም የለችም። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው። ብጽፈው ግን ስንት እሑድ፣ ስንት ጾም፣ ስንት ጸሎት በሰው ሁሉ ፊት መሳቂያ ሊሆንባት ነው። እንደዚያ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። "አንድ ልጇ በደቡብ አፍሪካ፣ አንድ ልጇ በአውሮፓ ይኖራሉ" ብዬ ጻፍኩ።

ቀብሩን በስልክ ቪዲዮ አየሁት። ያቺን መስመር ሲያነቡ ሕዝቡ አጉረመረመ። ከኋላ አንዲት ሴት፣ አውሮፓ እያለ እናቱን አፈር ያላለበሰ ምን ልጅ ይባላል ስትል ሰማሁ። ሌላዋ፣ ባትወልደው ይሻላት ነበር አለች። እናቴ በሕይወት ሳለች የልጇን ስም በክፉ ያነሳባት ሰው አልነበረም። ወንድሜ ቀብር አጥቶ፣ ለቅሶ አጥቶ፣ አሁን ደግሞ እርግማን ደረሰው፤ እኔ እዚህ ስልክ ይዤ ቆሜ።

ገና በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሳይበተን፣ እህቴ ስልኩን ከያዘው ልጅ ተቀብላ ፊቷን አስጠጋች። ዓይኗ አብጦ ነበር።

"ጋሼ፣ አንተን ማንም አይወቅስህም፤ ወረቀት የለህም። እሱ ግን ፓስፖርት አለው። ደውልለትና ንገረው፤ እኔም ስሞት ቀብሬ ላይ እንዳይቆም።"

እሺ፣ እነግረዋለሁ አልኳት።