ከማዕረግ ተመራቂዎች መሃል ስሜ ሲጠፋ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከኮሌጅ ልመረቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩኝ ነው። የምረቃ ወቅት ደርሶ ጋዋን የለበሱ ልጆች መንገድ ላይ ባየሁ ቁጥር ያ ሰሞን ይታወሰኛል። ልቤ መጀመሪያ ድንግጥ ይላል፣ ከዚያ ደግሞ እፎይ እላለሁ።

የምኖረው አቃቂ ነው። ቀን ልብስ ስፌት ፋብሪካ እሠራለሁ፤ ማታ ደግሞ ስሙን በማልጠቅሰው የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ እማር ነበር። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሁለተኛዋን የወለድኩት እዚያው ኮሌጅ እያለሁ፣ ያውም በፈተና ሰሞን ነው።

በማዕረግ መመረቅ የፈለግሁት ለራሴ ብቻ አልነበረም። አባቴ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። ዓይናቸውን ከታመሙ ቆይተዋል፤ ዛሬ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት ያለፈ አያዩም። በእኛ ኮሌጅ ደግሞ በምረቃው ቀን ስማቸው እየተጠራ መድረክ የሚወጡት የማዕረግ ተመራቂዎች ብቻ ናቸው። ሌላው ተመራቂ በጅምላ ተነስቶ፣ ተጨብጭቦለት ይቀመጣል። አባባ ይህን ሲሰሙ፣

«እንግዲህ እኔ አንቺን የማይሽ በጆሮዬ ነው። ስምሽ ሲጠራ ከሰማሁ ይበቃኛል» አሉኝ።

ሒሳቡን ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ። የየሴሚስተሩን ውጤት ደምሬ፣ አካፍዬ፣ ማዕረግ ከሚያሰጠው ከሦስት ነጥብ ሰባት አምስት በላይ መሆኔን አረጋግጫለሁ። ባለቤቴ ሳያምነኝ ቀርቶ በሞባይሉ ሠራው፤ ያው መጣለት። በዚያው ለጎረቤቱ ሁሉ አወራ።

የማዕረግ ተመራቂዎች ስም ተለጠፈ ሲባል ከሥራ አስፈቅጄ ሮጥኩ። ከላይ ወደ ታች አነበብኩ፤ ስሜ የለም። ከታች ወደ ላይ አነበብኩ፤ የለም። ከሴቶች አንደኛ ወጥታ ዋንጫ የምትሸለመው ዘይነባ ነበረች። ዘይነባ የክፍላችን ጎበዝ ናት፤ ቤተሰቦቿ ከወሎ መጥተው አቃቂ የከተሙ፣ በጭነት መኪና የሚተዳደሩ ናቸው። ከእሷ ጋር ከሰላምታ በቀር ብዙም አንቀራረብም ነበር።

ሬጅስትራር ገባሁ። የተቀመጠችው ሴት ስሜን ኮምፒውተር ላይ ፈልጋ ቀና አለች።

«እህቴ፣ ኤፍ አለብሽ እኮ።»

«ኤፍ? እኔ?»

«ኮስት አካውንቲንግ ላይ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። በወሊድ ምክንያት ፈተናው ያመለጠኝ ኮርስ ነው። ማካካሻውን ግን አራስ ቤት ሆኜ፣ ሕፃኗን አዝዬ ሄጄ ተፈትኛለሁ። መምህሩም ኤ እንዳገኘሁ በስልክ ነግረውኝ ነበር። በኋላ ውጤቴን ሳይ «ያልተሟላ» ቢልም፣ ስጠይቅ «ይስተካከላል» ስለተባልኩ አምኜ ተውኩት።

«ግሬዱ እኛ ጋ አልደረሰም» አለችኝ። «ጊዜው ሲያልፍ ሲስተሙ ራሱ ወደ ኤፍ ቀየረው። ማዕረጉን ተይው፣ ካልተስተካከለ መመረቅሽም ያጠራጥራል። እስከ ዓርብ መምህሩን አምጪ፤ ከዚያ በኋላ የምረቃው መጽሔት ማተሚያ ቤት ይገባል።»

መምህሩ ኮሌጁን ለቀዋል። ስልካቸው አይጠራም። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ አዲስ ሰው ናቸው፤ «በማላውቀው ነገር አልፈርምም፣ ይቅርታ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ምን ይበሉ? በባጃጅ ወደ ቤት ስመለስ ለአባባ ምን ብዬ እንደምነግራቸው አጣሁ። በመጨረሻ ሳልነግራቸው ቀረሁ። እሳቸው ያን ቀን ለምረቃው የሚለብሱትን ኮት አስተኩሰው ሰቅለው ነበር።

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ዘይነባ ፋብሪካው በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ጃንጥላዋን እንኳ አልዘረጋችም፤ ሻርፗ በካፊያው ርሷል።

«ሰብለ፣ መምህሩ ያሉበትን አውቃለሁ» አለችኝ፣ ሰላም እንኳ ሳትለኝ። «ዱከም አንድ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ገብተዋል። ወንድሜ ዕቃ ሊያራግፍ ሲሄድ ያያቸዋል። አሁን ከሄድን እንደርስባቸዋለን።»

«የኔን ነገር ማን ነገረሽ?»

«ሬጅስትራር ስታለቅሺ ያላየሽ አለ? እኔም እኮ ያን ቀን አብሬሽ ማካካሻ ተፈትኛለሁ። ታይፎይድ ይዞኝ አምልጦኝ። የእኔን ግሬድ በየቀኑ ተመላልሼ፣ ለምኜ ነው ያስገባሁት። አንቺ አራስ ነበርሽ፤ ማን ይመላለስልሽ?»

ከቱሉ ዲምቱ የዱከም ታክሲ ያዝን። ልቤ እስኪወጣ ፈርቼ ነበር፤ ከወጡስ? ከረሱኝስ? በር ላይ አስጠራናቸው። መምህሩ ሲያዩኝ ስሜ ጠፋቸው፤ ግን ፊታቸው በራ።

«የሕፃኗ እናት! ያቺ ጯሂ እንዴት ሆነች?»

ያን ቀን እኔ ስፈተን ልጄ አላስቀምጥ ብላ ስታለቅስ፣ እሳቸው ተቀብለውኝ ግቢውን እያዞሩ ሲያባብሏት ነበር። ነገሩን ስነግራቸው ደነገጡ። «እኔ ለዲፓርትመንት አስረክቤ ነው የወጣሁት። ነገ ጠዋት አስፈቅጄ እመጣለሁ» አሉ። የሰው ቃል ነውና ያን ሌሊት በቅጡ አልተኛሁም።

ዓርብ ጠዋት ስደርስ መምህሩ ቀድመውኝ ቆመዋል። ዘይነባም መጥታለች። የፈተና ወረቀቴ ዲፓርትመንቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ተገኘ፤ መምህሩ ፈረሙ፣ ኃላፊውም ፈረሙ። የሬጅስትራሯ ሴት ግሬዱን አስገብታ አዲሱን ውጤት አየች። ከዚያ ወደ ዘይነባ ዞረች።

«የሷ ሲስተካከል ከአንቺ በለጠች። ዋንጫው ወደ እሷ ሊሄድ ነው፤ ገብቶሻል?»

«አውቃለሁ» አለች ዘይነባ።

እኔ ግን አላውቅም ነበር። ሐሳቤ ሁሉ ስሜ መጠራቱ ላይ ስለነበር፣ ከማን እንደምበልጥ አንድም ጊዜ አላሰብኩም። ስንወጣ እጇን ያዝኳት።

«እያወቅሽ ነው ዱከም ድረስ የወሰድሽኝ?»

«በየሴሚስተሩ ውጤት ሲለጠፍ የአንቺንም አያለሁ እኮ። ወላሂ፣ መጀመሪያ ዝም ብዬ ነበር» አለችኝ። «አላየሁም፣ አልሰማሁም ልል። ግን እናቴ ለሰው ሁሉ 'ልጄ አንደኛ ወጣች' እያለች ስትደውል፣ እዚያው አጠገቧ ቁጭ ብዬ መስማት አቃተኝ። አሁን ቀለል ብሎኛል። በይ ልቀቂኝ፣ ሥራ ረፍዶብኛል።»

በምረቃው ቀን ስሜ ሲጠራ አባባ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። ባለቤቴ ኮታቸውን ይዞ ሊያስቀምጣቸው ቢሞክርም እምቢ አሉ። መድረክ ላይ ሆኜ አየኋቸው፤ ፊታቸው ድምፅ ማጉያው ወዳለበት ዞሯል፣ ያጨበጭባሉ። ቀጥሎ ዘይነባ ተጠራች። እኔም እጄ እስኪቃጠል አጨበጨብኩላት።

ዛሬ ነገሩን ሳስበው እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ዘይነባ ዝም ብትል ኖሮ ማንም አያውቅባትም ነበር። እኔ ራሴ «እንኳን ደስ አለሽ» ብዬ ጉንጯን ስሜ፣ ከሕዝቡ ጋር አጨብጭቤ እመለስ ነበር። በእሷ ቦታ ብሆን እንደዚያ አደርግ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ይህን ስነግራት ትስቅብኛለች፣ «አንቺ ደግሞ አታበዢው» ትለኛለች። እኔ ግን ባወራሁት ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ለዚህም ነው ለእናንተ የጻፍኩት።